ዘጠኝ ሰው የሳለው ሎጎ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በሚረዳ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነው። 43 እናቶችና አባቶች አሉን። ሰሞኑን ‘አዲስ ሎጎና ዌብሳይት እናሠራ’ ተባለ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ልጅ ሎጎውን በነፃ ሊሠራልን ጀመረ፤ ዘጠኙ የቦርድ አባላት ግን መስማማት አቃታቸው። አንዱ እጅ ይግባበት ይላሉ፣ ሌላው ርግብ፣ አንዷ ከዘራ፣ ሐኪም የሆኑት አባል ደግሞ ቀይ መስቀል። ልጁ ሰባት ጊዜ ሠርቶ አሁን ስልክ ማንሳት ትቷል። ለዌብሳይቱ አንድ ድርጅት ባለ 12 ገጽ እሠራለሁ ብሎ 180 ሺህ ብር ጠየቀን። ሰብሳቢያችን ደግሞ ‘ሰው የሚሰጠው አንጀቱ ሲላወስ ነው’ ብለው አንዲት የሚያለቅሱ እናት ፎቶ መግቢያው ላይ እንዲለጠፍ ይፈልጋሉ። እኔ ደስ አላለኝም፤ ግን ምን ብዬ እንደምከራከር አላውቅም። የድሮው ዌብሳይታችን የት እንደገባም የሚያውቅ የለም። የጽሑፉን ረቂቅ ልኬልዎታለሁ። ከየት ልጀምር?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ለዚያ ልጅ ደውይለት። ካላነሳ ቤቱ ድረስ ሂጂ። ሰባት ጊዜ በነፃ ሠርቶ ሰባት ጊዜ «ትንሽ ይቀረዋል» የተባለ ሰው ቢኮርፍ አይፈረድበትም። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የሚያደክመው መሳሉ አይደለም፤ «እስቲ ደግሞ በሰማያዊ እንየው» የምትለዋ ነገር ናት። በነፃ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ክብር ነው፤ እናንተ የያዛችሁበት እሱን ነው።

የቦርድ አባሎቻችሁም በክፋት የተጣሉ አይመስለኝም። እያንዳንዳቸው ማኅበሩን የሚወዱበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ያንን ምክንያት ሥዕሉ ላይ ማየት ፈለጉ። ግን ሎጎ መተዳደሪያ ደንብ አይደለም። ዓላማችሁን አንድ በአንድ አይዘረዝርም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያየው «እ! እነዚያ ናቸው» እንዲል ማድረግ። እጅና ልብ ያለበት ሎጎ ደግሞ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ባነር ማተሚያ ቤት ገብተሽ ግድግዳውን ብታይ ለምን እንደምልሽ ይገባሻል። ሁሉም ሁለት እጅና አንድ ልብ ነው።

አንድ ፈተና ልስጥሽ። የእናንተ ሎጎ ብዙ ዕድሜውን የሚኖረው ስክሪን ላይ አይደለም፤ ማኅተም ላይ ነው። ለባንክ፣ ለቀበሌ፣ ለለጋሽ የምትጽፉት ደብዳቤ ሁሉ ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ዙሪያውን ስማችሁ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዞራል። መሀል ላይ ለሎጎው የምትተርፈው ከአንድ ብር ሳንቲም የማትበልጥ ቦታ ናት። ልጁ የሠራቸውን ሰባቱንም በዚያች መጠን፣ በጥቁርና ነጭ አሳትሚያቸው። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጊው። ኮፒውን እንደገና ኮፒ አድርጊው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ ቦርዱን ጥሪ። ርግቧ ዝንብ ከመሰለች፣ ጣቶቹ ተጣብቀው ቡጢ ከሆኑ፣ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ማንም ተሸነፍኩ አይልም። የፈረደው ኮፒ ማሽኑ ነው።

ይህ የድሃ ማኅበር ዘዴ እንዳይመስልሽ። ፓንዳ ያለበትን የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ሎጎ ታውቂዋለሽ። ድርጅቱ በ1961፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሲቋቋም ለንደን መካነ አራዊት ውስጥ ቺ ቺ የምትባል ፓንዳ ነበረች። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ሰር ፒተር ስኮት እሷን አይተው ነው የመጀመሪያውን ሎጎ የሳሉት። ፓንዳ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የሒሳብ ሠራተኛችሁን ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለማተም ይረክሳል። ዛሬ ያለውን ደግሞ ልብ ብለሽ እዪው። የጀርባው መስመር እንኳ አልተሳለም። ጥቂት ጥቁር ቁርጥራጮች ናቸው፤ ቀሪውን የሚሞላው ዓይንሽ ነው።

የእኔን ድምፅ ከጠየቅሽኝ ለከዘራዋ ነው። ጫፏ የታጠፈ አንዲት መስመር ናት። ሕፃን ልጅ ይስላታል፣ ማኅተም ቀራጭ አይሳሳታትም፣ ቴሌግራም ላይ ባለችው ትንሽ ክብ ውስጥም አትጠፋም። ሀሳቡን ያመጡት ሴትዮ ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ግን ዓይን አላቸው።

ቀይ መስቀሉ ላይ ግን ድምፅ መስጠትም አያስፈልግም፤ አይቻልም። ነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀል የሕክምና ጌጥ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1864ቱ የጄኔቫ ስምምነት ጀምሮ በጦርነት መሀል «ይህን አትምቱ» የሚል መከለያ ምልክት ነው። አጠቃቀሙ በሕግ የተከለለ ነው። እዚህ አገር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አለ፤ እናንተ እሱን አይደላችሁም። በየክሊኒኩና በየመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተስሎ ስለምናየው ተራ ነገር መስሎን ነው። ለሐኪሙ አባል ለብቻቸው፣ በአክብሮት ንገሪያቸው። ስብሰባ ላይ አታንሺው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘጠኙም ይምጡ። ቀለም ለመምረጥ ግን ሁለት ሰው ይበቃል። ሁለቱን በቃለ ጉባኤ አስመርጪና ልጁ ከእነሱ ጋር ብቻ ይነጋገር። ሎጎው ተመርጦ ካለቀ በኋላ አንዳንድ ሰው ባይወደውም ምንም አይደል። እያየነው እንለምደዋለን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ሰብሳቢያችሁ ያሉት ነገር እውነት የለውም አልልም። የሚያለቅስ ፊት ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰውም ኪሱን ይዳብሳል። ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የወጣው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ ዓለምን ከወንበሩ አስነሥቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ርዳታም ብዙ ነፍስ አትርፏል። ግን ያ ምስል በዚያው ተለጥፎብን ቀረ። ውጭ የኖረ ሰው ጠይቂ። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲል የሰሚው ፊት እንዴት እንደሚለወጥ ይነግርሻል። ጉዳዩ ራሳቸውን ረድኤት ድርጅቶቹንም ከነከናቸው። የአውሮፓዎቹ በ1989፣ አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ በ2006 ደግሞ አደሱት። ዋናው ነገሩ የምታሳየውን ሰው ክብር ጠብቅ፣ ሳታስፈቅድ አታውጣ ነው።

እኛ ለዚህ ነገር፣ ደንቡ ሳይጻፍ በፊት፣ ቃል ነበረን። ገበና። እኚያ እናት ቤታቸው ውስጥ ያለቀሱት ለእናንተ ነው፤ ቤት ገብታችሁ ስለጠየቃችኋቸው። ደብረ ብርሃን ደግሞ እንደምታውቂው ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ፎቶው ቴሌግራም ላይ በወጣ በሰዓቱ እድርተኛው ሁሉ ያየዋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰው እያየ እየተጠቃቀሰ ያሳልፋቸዋል። ምናልባት ዓረብ አገር የሄደች፣ ድምጿ የጠፋ ዘመድ ትኖራለች። እሷም ታየዋለች። ለአንድ ብርድ ልብስ ይህን ያህል ማስከፈል ግፍ ነው። ለሰብሳቢው እንደዚህ ብለሽ ብትነግሪያቸው የሚገባቸው ይመስለኛል። ካልገባቸው አንዲት ጥያቄ ጨምሪ፤ «የእርስዎ እናት ቢሆኑስ?»

ታዲያ ምን ይነሳ? በመጀመሪያ ፍላሹን አጥፊ። በሩን ክፈቺና እማማን በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በጎን እንዲመጣባቸው አድርገሽ አስቀምጪያቸው። የደጋ ጠዋት ብርሃን እንደሆነ ስቱዲዮ አያስፈልገውም። ከዚያ አንቺ ቁጭ በይ። ቁጭ። መሬት ላይ ወይ በርጩማ ላይ፣ ስልክሽ ከዓይናቸው ትይዩ እስኪሆን። እኛ ቆመን እሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ያነሳነው ፎቶ ሁሉ ሰውን ያሳንሳል፤ ሳናውቀው ለማኝ ያስመስላል። ይህን አንዲት ነገር ብቻ ብትለውጡ የፎቶአችሁ መንፈስ ይለወጣል። ደግሞ ሁልጊዜ ፊት ብቻ አታንሺ። እንዝርት የያዘ እጅ፣ ረከቦት ላይ የተደረደረ ሲኒ፣ አዲሱ ብርድ ልብስ በአሮጌው ላይ ተጣጥፎ። ማገዶ ተሸክሞ በር የሚያንኳኳ በጎ ፈቃደኛ ከኋላው።

ካነሳሽ በኋላ ፎቶውን እዚያው አሳያቸው። ወረቀት አስፈርሞ መሄድ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። እንዲህ በያቸው፤ «እማማ፣ ይቺን ፎቶ እድርተኛው ሁሉ፣ አሜሪካ ያለውም ሰው ያያታል፤ ይሁን? እምቢ ቢሉም ብርድ ልብሱ አይቀርም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሺ። ርዳታ ለሚያመጣልሽ ሰው እምቢ ማለት ከባድ ነው። ዝም ካሉ ተዪው፤ ዝምታ እሺታ አይደለም። «ቆይ፣ ነጠላዬን ልልበስ» ካሉሽ ግን ፈቅደዋል። ያን ጊዜ ደግመሽ አንሺ፤ የምትለጥፊው ሁለተኛውን ነው። ሙሉ ስማቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር አትጻፊ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ዌብሳይቱን እንግዲህ ማን እንደሚከፍተው አስቢ። ቦርዱ አይደለም። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ቨርጂኒያ የምትኖር ነርስ ናት እንበል። ሌሊት ከሥራ ወጥታ፣ መኪናዋ ውስጥ ሆና፣ ጓደኛዋ የላከችላትን ሊንክ በስልኳ ትከፍታለች። ደክሟታል። ማወቅ የምትፈልገው እናንተ እነማን እንደሆናችሁ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውልና እንዴት እንደሚላክ ነው። ለዚህ 12 ገጽ ምን ያደርጋል? የሚሽከረከር ፎቶ ምን ያደርጋል? በተለይ «ዜና» የሚባለውን ገጽ ፍሪው። ማንም አይጽፍበትም። ሁለት ዓመት ያለፈው ዜና እላዩ ላይ ተቀምጦ ማኅበሩን የሞተ ያስመስለዋል። አንድ ረጅም ገጽ ይበቃችኋል። የየሳምንቱ ወሬ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ይግባ፤ ሰዉ ያለው እዚያ ነው።

የላክሽልኝን ረቂቅ አነበብኩት። እንዲህ ይጀምራል፤ «ማኅበራችን የአረጋውያንን ሁለንተናዊ ችግር ዘላቂነት ባለው መልኩ በመቅረፍ ረገድ ተመራጭና ተምሳሌት ተቋም ሆኖ ማየት»። ነርሷ እዚህ ጋ መኪናዋን አስነሥታ ትሄዳለች። ለእኔ በጻፍሽው ደብዳቤ ውስጥ ከዚህ በጣም የሚሻል ነገር አለ። እሱን ትንሽ አቃንቼ ልመልስልሽ፤ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ጧሪ የሌላቸው 43 እናቶችና አባቶች አሉ። ቤታቸው ድረስ እየሄድን እንጠይቃቸዋለን።» ከሥሩ የምትሰጡትን ነገር በስሙ ጥሩት፤ ማገዶ ከሆነ ማገዶ፣ ሳሙና ከሆነ ሳሙና። ዋጋውንም ጻፉ። ያለፈው ወር ደረሰኝ ፋይል ውስጥ አለ አይደል? አንድ ብርድ ልብስ በስንት ገዛችሁ? ያንኑ አስቀምጡ። «የቻሉትን ይለግሱ» ከሚል ይልቅ «የአንድ ሰው የወር ማገዶ ይህን ያህል ነው» ሲባል ሰው እጁ ይፈታል። ራዕይና ተልዕኮው አይጣል፤ ፈልጎ የሚያነበው አለ፣ ከታች ይቀመጥ።

ገንዘብ መላኪያው ላይ የራሴን ጉድ ላውራሽ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር የሚያምር ድረ ገጽ ሠራሁ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ወርቃማ ፊደል፣ ከኋላው ጥላ ያለው አድርጌ ሥዕል ውስጥ ከተትኩት። በጣም ነበር የኮራሁበት። ሰው ኮፒ ሊያደርገው አይችልም ለካ። 13 አኃዝ በዓይኑ እያየ መልሶ ይጽፋል። በዚያ ላይ በመረጥኩት ፊደል 6 እና 8 መንትያ ነበሩ። ወራት ካለፈ በኋላ አንድ ሰውዬ ደወሉ። «ቁጥሩን ሳስገባ የሌላ ሰው ስም መጣብኝ፤ ተውኩት» አሉኝ። እሳቸው ደወሉ። ያልደወሉት ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ቁጥሩ ተራ ጽሑፍ ይሁን፤ አጠገቡ «ኮፒ» የምትል ቁልፍ ትኑር። ሥሩ ደግሞ የሒሳቡ ስም፣ ባንኩ መተግበሪያ ላይ በሚወጣበት አጻጻፍ፣ ፊደል ሳይለወጥ ይጻፍ። ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ነው የሚያምነው። ቴሌብርም እንደዚሁ። መቄዶንያን አስቢ። ብዙ ሰው ሎጎውን ሳል ቢባል አይስለውም፤ 8161ን ግን በቃሉ ያውቀዋል። መለያ ማለት አንዳንዴ ቁጥርም ነው።

የነርሷ ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። ጎፈንድሚ በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሒሳብ ይዞ ዘመቻ መክፈት አይቻልም። አሜሪካ ያለ ወዳጃችሁ ቢከፍትላችሁ የማን እንደሆነና ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ ገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ሐሜት ነው ትርፉ። ለእናንተ በቀጥታ የላከችው ገንዘብ ደግሞ አሜሪካ ከግብሯ አይቀነስላትም። ለዚያ እዚያው የተመዘገበ፣ እነሱ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የሚሉት ዓይነት አጋር ድርጅት ያስፈልጋችኋል። የአገር ልጆች ማኅበር ካለ ጠይቂ። እስከዚያው የባንኩን ዓለም አቀፍ መላኪያ ኮድ አስቀምጪላት፤ ባንካችሁ ይሰጥሻል።

የምዝገባ ቁጥራችሁንና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ከገጹ ግርጌ አድርጊ። ማንም አያነበውም ትይኝ ይሆናል። መኖሩን ማየት ራሱ ይበቃል።

ስለ ፊደል ባጭሩ። ጸሐፊያችሁ በድሮው የኮምፒውተር መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የጻፈችው ደብዳቤ ካለ እንዳለ ዌብሳይቱ ላይ አይለጠፍም፤ የላቲን ቅራቅንቦ ይሆናል። ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚያነበው በዩኒኮድ እንደገና ይጻፍ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም የሚባሉት የፊደል ዓይነቶች በነፃ የሚገኙ ናቸው። ፊደላችን ከላቲኑ ትንሽ ተለቅ ማለት አለበት፤ በመስመሮቹ መሀልም አየር ይፈልጋል። በትንሹና በወፍራሙ የተጻፈ «ጨ» እግሮቹ ተጣብቀው ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ጽሑፉን ሥዕል አድርጋችሁ አትለጥፉት፤ ጉግል አያገኘውም፣ ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብለት ስልክም አያነበውም። ቢጫ ፊደል ነጭ ላይ ደግሞ ለማንም አይነበብም፤ ባንዲራችንን እየወደድኩ ነው ይህን የምልሽ። ፎቶዎቹንም ሳትጭኑ አሳንሷቸው። ስልክ ያነሳው ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ነው፤ 200 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን በዓይን ልዩነቱ አይታይም። በዳታ የሚከፍተው የደብረ ብርሃን ነጋዴ ያመሰግናችኋል።

የጠፋው ዌብሳይታችሁ ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም። አንድ ደግ ሰው በራሱ ኢሜይልና በራሱ ካርድ የዌብሳይቱን አድራሻ ስም፣ ዶሜይን የሚባለውን፣ ገዛላችሁ፤ ሰውዬው ሥራ ቀየረ ወይ አገር ለቀቀ፤ የዓመት ክፍያው ሲደርስ ማስጠንቀቂያው እሱ ኢሜይል ውስጥ ተቀበረ። የዶሜይን ምዝገባ መፈለጊያ ላይ ስሙን አስገቢው፤ የት እንደተገዛና መቼ እንደሚያበቃ ያሳይሻል። ቶሎ በይ። የተለቀቀን ስም ሌላ ሰው ገዝቶ የቁማር ማስታወቂያ ያደርግበታል፤ አሮጌው ብሮሸራችሁ ላይ ደግሞ አድራሻው አሁንም ታትሞ አለ። አዲሱን ስትገዙ በማኅበሩ ኢሜይል ይሁን። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንድ ቅጂ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ማኅተሙን የምትጠብቁትን ያህል ጠብቁት።

180 ሺው ብር ተገቢ ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ ውሉን አላየሁትም። ግን አንድ ገጽ ብቻ ቢሆን ስንት እንደሚሉ፣ ከዓመት በኋላ በየዓመቱ ምን እንደምትከፍሉ፣ ብትለያዩ ፋይሎቹ የማን እንደሆኑ ጠይቂያቸው። ሦስተኛው ላይ ከተንተባተቡ ሌላ ፈልጊ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ወጪው የትኛው መዝገብ ላይ እንደሚገባ ከመፈረምሽ በፊት ሒሳብ ሠራተኛችሁን አማክሪ።

ለፎቶው ስትሄዱ ሰብሳቢውንም ይዘሻቸው ሂጂ። ቡናውን ከእናንተ፣ ማፍላቱን ከእማማ አድርጉት። እሳቸውም በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ያ ልጅ ስልኩን ካነሳ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ከዘራዋን ማየት እፈልጋለሁ።